በጋሽ አማን ምስማር ላይ የሰቀልኩት

መፍቻ ሊገዛ የመጣን ሰው ጋሽ አማን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ብሎኑስ የታለ?» ብለው ነው። ሰውየው ኪሱን ይዳብሳል። ብሎኑ መኪናው ላይ ነው፤ መኪናው ደግሞ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ዳገቱ ላይ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎለት ቆሟል። «ፈትተህ አምጣው» ይሉታል። «በምን ልፍታው? መፍቻ የለኝም ብዬ እኮ ነው የመጣሁት» ይላል። ያኔ ጋሽ አማን ከወንበራቸው ብድግ ብለው ከጀርባቸው ካለው ጣውላ ላይ የራሳቸውን መፍቻ ያወርዱና «በዚህ ፍታውና ብሎኑን ይዘህ ና፤ ከዚያ ልኩን እንመርጣለን» ይላሉ። እኔም ከስድስት ዓመት በፊት የተዋወቅኳቸው እንደዚሁ ነው። እንግዲህ የሠራሁትን የሠራሁት በእኚህ ሰው ላይ ነው።

መጻፍ የፈለግሁት ስለ እሳቸው ብቻ ነበር። ነገር ግን የራሴን ጉድ ሸፍኜ የእሳቸውን ደግነት ባወራ ሁለተኛ ጊዜ ማታለል ይሆንብኛል። አንድ ጊዜው ይበቃኛል።

ስሜ ዋቅቶላ ነው። ጉለሌ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶችን መጽሐፍ ቅዱስ አስጠናለሁ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ ኮሮላ አለችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት አሮጌ ካናቴራ ለብሼ ሥሯ እገባለሁ። ባለቤቴ መሰለች ሰፈሩ እየሰማ «መካኒኩ ባሌ» ትለኛለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ሰፈሩም እኔም እናውቃለን። መኪናዋን ጋራዥ የማልወስደው ገንዘብ አጥቼ ብቻ አይደለም። በእጄ አንድ ነገር ሠርቼ መነሳት ደስ ይለኛል፤ ሰው ሲያየኝ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል። ችግሩ ያለው ይሄ ሁለተኛው ላይ ነው።

ጋሽ አማን ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ከስልጤ በአሥራ አምስት ዓመታቸው መጥተው መርካቶ ውስጥ ጆንያ ዘርግተው ያገለገለ ብሎን ይሸጡ ነበር። ከዚያ ነገራ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋራዥ ገብተው አሥራ አንድ ዓመት ሠሩ። አቶ ነገራ ታመው ጋራዡን ሲዘጉ ለሠራተኞቻቸው መሸኛ የሚሆን ነገር ስላልነበራቸው መሣሪያዎቻቸውን አካፈሏቸው። ለጋሽ አማን የደረሳቸው አንድ ባለ አሥራ ሰባት መፍቻ ነበር። እጀታው ላይ በሞረድ የተቆረጡ ሦስት ጭረቶች አሉት፤ አቶ ነገራ የራሳቸውን ዕቃ የሚለዩት በእነሱ ነበር። ጋሽ አማን ይቺን መፍቻ ይዘው ነው አዲሱ ገበያ መጥተው፣ ከበሩ ብዙም የማይሰፋ ሱቅ ተከራይተው ያገለገሉ የእጅ መሣሪያዎች መሸጥ የጀመሩት። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ረሂማ ጋር ልጃቸውን ኡመይማን በዚያችው ሱቅ አሳድገው ዩኒቨርሲቲ ላኩ።

ብረት ያውቃሉ። ሁለት መፍቻ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆዩና «ይሄ ሲጫኑት አፉ ይከፈታል፣ ይሄ አይከፈትም» ይላሉ። ሲሳሳቱ ሰምቼ አላውቅም። እኛ የቅዳሜ መካኒኮች ከሌላ ሱቅ የገዛነውን እንኳን ሳይቀር ለእሳቸው ካላሳየን አንጠቀምበትም። እሳቸውም «ለምን ከእኔ አልገዛህም» ብለው አያውቁም።

ትምህርታቸው ሲጀምር ሁልጊዜ ከሣጥኑ ነው። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አርባ ዕቃ በአንድ ሣጥን የሚባለውን። «ከአርባው ስድስቱን ነው የምትነካው» ይላሉ፤ «መጀመሪያ የሚበላሹት ደግሞ እነዚያው ስድስቱ ናቸው።» ስለዚህ ያገለገለ ግን እውነተኛ የሆነውን አንድ በአንድ ግዛ። ባለ አሥር፣ ባለ አሥራ ሁለት፣ ባለ አሥራ አራት፤ እንደ አንተዋ ላለች መኪና ሌላው ይቆያል። ጽሑፉን በጥፍርህ ዳብሰው፤ ብረቱ ሲሠራ አብሮ የታተመ ነው ወይስ በኋላ የተጫረ? የአፉን የውስጥ ማዕዘን እየው፣ ቅቡ የሚላጠው እዚያ ነው። ብሎን ላይ አግባውና ወዝወዝ አድርገው፤ ከተንቀሳቀሰ ተወው። መዶሻና ዕቃ ማስቀመጫ ርካሹን ብትገዛ ግድ የለም። ለየቱ ገንዘብ ማውጣት እንዳለብኝ ስጠይቃቸው የመለሱልኝን ግን ዛሬም እሰማዋለሁ። «ቢያመልጥህ እጅህ የት ነው የሚያርፈው? ብለህ ጠይቅ። እጅህ ብረት ላይ የሚያርፍ ከሆነ ጥሩውን ግዛ።»

ከጀርባቸው ያለው ጣውላ ላይ የተሰቀሉት አይሸጡም። የራሳቸው ናቸው፤ ለማዋስ ነው የሚያስቀምጧቸው። የተዋሰ ሰው ስሙን አያስመዘግብም። የራሱን አንድ ነገር፣ ኮፍያም ይሁን ጃንጥላ ወይም መታወቂያ፣ በመፍቻው ምስማር ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። ሲመልስ መፍቻውን ራሱ ይሰቅልና ዕቃውን ያወርዳል። ማንም አይቆጣጠረውም። የእኔ ዕቃ ግራጫ ኮፍያዬ ነበረች፤ ከእኔ ራስ ይልቅ ምስማር ላይ የኖረችበት ጊዜ ይበልጣል። አንድ ክልክል ብቻ አለ፤ መፍቻው እጀታ ላይ ቧንቧ ሰክቶ ማስረዘም። «ብረቱ የአንድ ሰው ጉልበት ነው የሚያውቀው» ይላሉ፤ «ቧንቧ ስትጨምርበት አምስት ሰው ሆነህ መጣህበት ማለት ነው።»

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ የፊት ጎማ የፍሬን ሸራ ልቀይር ባለ አሥራ ሰባቷን ተዋስኩ። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ኖህ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። በግማሽ ሰዓት እጨርሳለሁ ብዬው ነበር። አንደኛው ብሎን ዝጎ አልላወስ አለ። ዘይት አፈሰስኩበት፣ ጠበቅሁ፣ ታገልኩ፤ ላቤ አፍንጫዬ ላይ ይንጠባጠባል። ኖህ ሰዓቱን አየና «መምህር፣ ተማሪ አይደለም እኮ፣ በቁጣ አይፈታም» ብሎኝ ለምሳ ወደ ቤቱ ሄደ። ነደደኝ። አጥሩ ሥር የወደቀ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ነበር። አነሳሁት፣ እጀታው ላይ ሰካሁት፣ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት።

ብሎኑ አልተነቃነቀም። የመፍቻው አፍ አንደኛው ጉንጭ ግን ተሰብሮ መሬት ላይ ወደቀ። ቁራጩን አንስቼ ከመኪናዋ ሥር ወጣሁ።

ከእኛ ቤት እስከ ሱቃቸው ሃያ ደቂቃ ቁልቁለት ነው። የተሰበረውን በጨርቅ ጠቅልዬ ወረድኩ፤ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው የወረድኩት፣ ይህን ይመኑኝ። መንገድ ላይ የምናገረውን እያሰናዳሁ ነበር። ቧንቧውን ግን ከንግግሬ ውስጥ እንዴት እንደማስወጣው ጠፋኝ። መምህር ነኝ፣ ወጣቶች አስጠናለሁ፣ እና አንዲት ክልክል አስታውሼ መጠበቅ አልቻልኩም። ታክሲ ተራው ጋ ስደርስ አንድ ሰው አስፋልቱ ዳር ሸራ ዘርግቶ የብረት ዕቃ ይሸጣል። ከክምሩ ውስጥ ያቺን የምትመስል ባለ አሥራ ሰባት አየሁ። እግሬ ቆመ።

የተበላሸሁት እዚያ ነው። ጋሽ አማን ያስተማሩኝን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ተጠቀምኩበት፤ ግን ገልብጬ። ጥሩ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፣ ይመስላል ወይ ብቻ ነበር ጥያቄዬ። ጽሑፉን በጥፍሬ ዳበስኩት፤ የተጫረ ነው፤ ቢቆሽሽ አይታወቅም አልኩ። ከክምሩ አንድ ብሎን አንስቼ አፉን ሞከርኩት፤ ይወዛወዛል። ተሰቅሎ ማን ያወዛውዘዋል አልኩ። ርዝመቱን ከተሰበረው ጋር አስተያየሁ፣ ውፍረቱን ለካሁ፣ እንደ አዋቂ ተከራከርኩና ገዛሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ዕቃ መርጬ አላውቅም።

ቤት ስመለስ ብርጭቆ ወረቀት አውጥቼ ብልጭልጩን ፋቅሁት። በተቃጠለ ዘይትና በአመድ አሸሁት። ሦስቱን ጭረት በሞረድ ቆረጥኩ፤ ሁለተኛው ከሌሎቹ ትንሽ ዘመም ይል ነበርና እሱንም አዘመምኩት። መሰለች ብቅ ብላ «ምን እየሠራህ ነው?» አለችኝ። «ዕቃ እያጸዳሁ ነው» አልኳት።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወረድኩ። ጋሽ አማን ለሶላት መስጊድ ሲሄዱ ሱቁን አይዘጉም፤ በሩ ላይ መጥረጊያ ያጋድማሉ። ሰዓቱን አውቄ ነው የሄድኩት። መጥረጊያውን ተሻግሬ ገባሁ፣ ያንን ብረት ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት፣ ኮፍያዬን አወረድኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ኮፍያዬን ደፍቼ ወጣሁ። እውነተኛዋን ስባሪ ከነጨርቋ ከመኪናዋ ወንበር ሥር ደበቅኋት። ለምን እንዳልጣልኳት አላውቅም።

ሦስት ሳምንት ያህል አዲሱ ገበያን ዞሬ በሌላ መንገድ ተመላለስኩ። ከዚያ አንድ ሰኞ መሰለች ከሥራ መጥታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ጋሽ አማን እጃቸውን ተጎዱ አሉ» አለችኝ። ሱቃቸው ደጃፍ መኪና የተበላሸችበትን ሰው ሊረዱ ባለ አሥራ ሰባቷን አውርደው ነበር። ሲጫኑት የመፍቻው አፍ ተከፈተና አመለጣቸው። እጃቸው ብረት ላይ አረፈ። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ተሰበሩ።

ራት ላይ መሰለች ስትጸልይ ለጋሽ አማን ጣቶች ጨመረች። «አሜን» አልኩ።

እሁድ ብርቱካንና ሙዝ ይዘን ልንጠይቃቸው ሄድን። ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ፍራሽ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እጃቸው እስከ ክንዳቸው በጀሶ ታስሯል። ወይዘሮ ረሂማ ሻይ አመጡልን። ጋሽ አማን ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ ቀና ብዬ ማየት ያቃተኝ እኔ ነበርኩ።

«ዋቅቶላ፣ ስጠብቅህ ነበር» አሉ። «ሰው ልኬ ላስጠራህ ሁሉ አስቤ ነበር።»

አወቁ ብዬ ብርጭቆዬን መሬት አስቀመጥኩ።

«ያቺን መፍቻ አንተ ወስደሃት ነበር አይደል በጥር? ያረጀ ብረት ነው ያዋስኩህ። ልብ አላልኩትም። አንተ ላይ ቢከፈት ኖሮስ? ዓይንህን ቢያገኝህስ? ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።» ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ጾሙ ሳይገባ አፉ በለኝ።»

ጎረቤቶቻችን ረመዳን ሲደርስ ቤት ለቤት እየዞሩ እንዲህ ይባባላሉ፤ ያስቀየምኩህ ካለ ይቅር በለኝ ማለት ነው። የተጠየቀ ሰው ዝም አይልም፤ ዝም ካለ ቂም ይዟል ማለት ይሆናል። መሰለች ታየኛለች። ወይዘሮ ረሂማ ያዩኛል። ያን ጊዜ ነበር የምናገርበት። እኔ ግን አፌን ከፍቼ «ኧረ ምንም አይደል ጋሽ አማን፣ ይቅር ብያለሁ» አልኩ። እኔ እሳቸውን ይቅር አልኩ። ይህን ስጽፍ እንኳን ጆሮዬ ይግላል።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ተነፈሱ። ከዚያ ስለ ሱቁ አወሩን። ከጾም በኋላ መሣሪያ መሸጥ ሊተዉ ነው። ኡመይማ ባልዲና የፕላስቲክ ዕቃ ታስገባበታለች፤ ጣውላውንም ያወርዱታል። «ዓይኔ አልቋል» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር። «ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ብረት ሳይ። የገዛ መፍቻዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ክፉ መሆኑን ካላወቅሁ፣ ለሰው ይሄን ግዛ ያንን ተው የምል እኔ ማን ነኝ?»

ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ መሰለች «እንዴት ያለ ሰው ናቸው» አለችኝ። ትንፋሽ ያጠረኝ አስመስዬ ወደ ኋላ ቀረሁ።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ቀን በሱቁ በኩል አለፍኩ። ገብቼ ልናገር ነበር እንዳልል፣ ውሸት ነው፤ ልሰልል ነው የሄድኩት፤ ምናልባት ሐሳባቸውን ለውጠው እንደሆነ፣ እኔም ዝም ብዬ እንዳልፍ። ጋሽ አማን ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ኡመይማ ዕቃ ታቀብላለች። አንድ ወጣት ሁለት መፍቻ ይዞ «አባባ፣ የቱ ይሻለኛል?» አላቸው። ዓይናቸውን አልጨፈኑም። በግራ እጃቸው እንኳን አልነኩትም። «እኔ አላውቅም ልጄ፣ ሌላ ሰው ጠይቅ» አሉት። ብሎኑ የታለ ብለው እንኳን አልጠየቁትም።

የሰበርኩት ብረትና ጣት ብቻ መስሎኝ ነበር። ዳገቱን ወጥቼ፣ ከመኪናዋ ወንበር ሥር ጨርቁን አውጥቼ፣ ሳልቀመጥ ተመለስኩ። ባስብበት እንደማላደርገው አውቄ በሩጫ ነበር የወረድኩት።

ስባሪዋን መደርደሪያቸው ላይ አስቀምጬ ጨርቁን ገለጥኩት። «ያቺ የእርስዎ መፍቻ አይደለችም» አልኩ። «የእርስዎ ይቺ ነች። ሰብሬያት ነው። ሌላ አመሳስዬ ሰቀልኩ።»

በግራ እጃቸው አነሷት። አውራ ጣታቸውን በሦስቱ ጭረቶች ላይ አሳለፉ። «የአቶ ነገራ ናት» አሉ በቀስታ። ከዚያ የተሰበረውን ጉንጭ አዩ። «በቧንቧ ነው?»

«በቧንቧ ነው።»

ኡመይማ ያንኛውን ከመሳቢያ አውጥታ አቀበለቻቸው። እሷ አባቷን አላየችም፤ የምታየው እኔን ነበር፣ እና ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሽ አማን ዓይናቸውን ጨፍነው በግራ እጃቸው አንዱን መዘኑ፣ አስቀመጡ፣ ሌላውን መዘኑ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ሲገልጧቸው ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«ያን ዕለት ከሶላት ስመለስ አንስቼው ነበር» አሉ። «እጄ ላይ ሌላ ሆነብኝ። ቀለለኝ። ይሄ የእኔ አይደለም ብዬ ቆሜ አሰብኩ። ዞር ስል ኮፍያህ የለችም። ዋቅቶላ ነው የሰቀለው አልኩ፤ እንግዲያው የተሳሳተው እጄ ነው አልኩ።»

ከሁሉ ይልቅ የጎዳኝ ይሄ ነው። እጃቸው አውቆ ነበር። ከእኔና ከእጃቸው መምረጥ ሲኖርባቸው እኔን አመኑ፣ ሃምሳ ዓመት ያልዋሻቸውን እጃቸውን ጣሉ፤ ያ እጅ ነው የተሰበረው።

«አፉ ይበሉኝ» አልኩ።

«ብያለሁ» አሉ። «አንተስ እሁድ ዕለት ብለኸኝ የለ?» በቀልድ ይሁን በሐዘን ከፊታቸው ላይ መለየት አልቻልኩም፤ ለመጠየቅም ድፍረት አላገኘሁም።

«ጥሩ ባለ አሥራ ሰባት ፈልጌ ልተካልዎ» አልኳቸው።

«አንተ መርጠህ?» አሉና ትንሽ ፈገግ አሉ። «ተወው። ምስማሩ ባዶ ይሁን።»

ለመሰለች የዚያኑ ቀን ነገርኳት። ራት ላይ ጸሎቱን እኔ እንዳደርስ ተወችልኝና አንገቷን ደፍታ ጠበቀችኝ፤ የምለውን እስካገኝ ወጡ ቀዘቀዘ።

ጣውላው አልወረደም፤ ባልዲም አልገባም። ጋሽ አማን ከረመዳን በኋላ ጀሶው ተፈትቶላቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው «ብሎኑስ የታለ?» ማለታቸውን ቀጠሉ። አንድ ነገር ግን ተለወጠ። አሁን የተዋሰ ሰው መፍቻውን ራሱ አይሰቅልም። ለእሳቸው ይሰጣል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይመዝኑትና ራሳቸው ይሰቅሉታል። እሁድ ከሰዓት በር ላይ ሰልፍ መሆን ጀመረ። ባለፈው ከፊቴ የቆመው ኖህ «ጋሽ አማን፣ ድሮ ዝም ብለን እንሰቅል አልነበር? ምን መጣ?» አላቸው።

«እጄ እንዳይሰንፍ ነው» አሉት። ወደ እኔ አልዞሩም።

ተራዬ ሲደርስ ባለ አሥራ ሁለቱን ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከኖህ ይልቅ በእኔው ላይ ጥቂት ቆዩ፤ ከኋላዬ ያሉት ልብ አላሉትም። ከዚያ መፍቻውን ሰቀሉና ኮፍያዬን አቀበሉኝ።